ወደ ግራ ያዘነበለው መንዙማ

አባቴ በካሴት የቀዳው አንድ መንዙማ አለኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ይሆነዋል። የተቀዳው አያቴ ቤት ነው፤ ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም በማይርቅ ግቢ። ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል። አንድ ሽማግሌ ያወጣሉ፣ ቤቱ ሙሉ ይቀበላቸዋል። ከኋላ ሲኒ ሲንኳኳ ይሰማል። መሃል ላይ አያቴ «ጀባ» ትላለች። አንዲት ቃል ናት፤ እኔ ግን ከመንዙማው እኩል የምጠብቃት እሷን ነው።

ካሴቱ የተቀዳው በአንድ ማይክ ነው፣ ሞኖ። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው ግራና ቀኙን አንድ አድርጌ አስቀመጥኩት። ስለዚህ በሄድፎን ሲሰማ ድምፁ ከግንባር መሃል መምጣት አለበት። በሞባይሌ ስሰማው እንደዚያው ነው። እኔ ራሴ በሠራሁት የሄድፎን ማጉያ ስሰማው ግን ሽማግሌው ወደ ግራ ጆሮዬ ተጠግተው ተቀመጡ። አያቴማ ጭራሽ በግራ ትከሻዬ በኩል ነው «ጀባ» የምትለው።

ድምፁን ወደ መሃል ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እንዴት እንደመለስኩት ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተም ቤት አንዱ ጎን የደከመ ማጉያ ይኖራል።

ማጉያው የቲዩብ ነው፤ ድምፁን የሚያጎሉት እየጋሉ የሚሠሩ የብርጭቆ ቱቦዎች ናቸው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ጀርባው የተከፈተ ትልቅ ሬዲዮ ነበራቸው። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም። መጀመሪያ ውስጡ ያሉት ብርጭቆዎች ቀስ ብለው ይቀላሉ፣ ከዚያ የሞቀ አቧራ ይሸታል፣ ከዚያ ድምፅ ከሩቅ እየቀረበ ይመጣል። ያ ነገር ከልቤ አልወጣም። እነዚያው ጎረቤት፣ ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መበየጃ አይዙም። ጭንቅላታቸው ግን እንደ ድሮው ነው።

የእኔው ሦስት ቲዩብ አለው። ፊት ያለው አንድ ኢሲሲ82 ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ትራዮድ፣ ማለትም ሁለት የማጉያ ክፍል፣ ስላለው አንዱ የግራውን፣ ሌላው የቀኙን ድምፅ ያጎላል። ከእሱ ቀጥሎ ለየጎኑ አንዳንድ የሶቭየት 6ኤን6ፒ አለ። እነዚህ ድምፁን አይጨምሩትም፤ ሄድፎኑን የሚገፋ ጉልበት ነው የሚሰጡት። ትራንስፎርመሩን ደሴ ስታቢላይዘር የሚጠግን ሰው ጠመጠመልኝ። ቆርቆሮ ቤቱም ከሞተ ስታቢላይዘር የወጣ ነው። ቲዩቦቹን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በካልሲ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች ደግሞ አብዛኛውን ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቀልኩ። ይህችን የመጨረሻዋን ያዙልኝ።

አንድ ነገር ሳልናገር ወደ ፊት አልሄድም። ይህ ማጉያ ውስጥ 200 ቮልት ዲሲ አለ። ከሶኬቱ ከነቀላችሁት በኋላም ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ይዘውት ይቆያሉ። እኔ በ10 ኪሎ ኦም፣ በ5 ዋት ሬዚስተር፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት በሚቀንስ ዕቃ፣ አራግፋለሁ፣ ከዚያ በቴስተር አይቼ ዜሮ መሆኑን አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ ነው እጄን የማስገባው። በርቶ ስለካ ደግሞ አንድ እጄ ከጀርባዬ ነው። ይህን የምለው ከልቤ ነው። የ9 ቮልት ባትሪ አይደለም፣ ይገድላል።

ወደ ነገሩ ልመለስ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መበየጃውን ሰክቼ የቀኙን ጎን በሙሉ እንደገና መበየድ ነበር። ጉዳዩን ለጋሼ ስነግራቸው ግን አስቆሙኝ።

«ጋሼ፣ ቀኙ ደከመብኝ።»

«ማን ነገረህ ቀኙ ነው ብሎ? ጆሮህን ጠይቀኸዋል?»

ሄድፎኑን ገልብጬ አደረግኩት፤ የግራውን በቀኝ ጆሮ፣ የቀኙን በግራ። ድምፁ ወደ ቀኝ ሄደ። እንግዲህ ጆሮዬ ደህና ነው። ጆሮዬ ቢሆን ኖሮ ብገለብጠውም ድምፁ ከግራ አይነቃነቅም ነበር። ቀጥሎ ሄድፎኑን ወደ ቦታው መልሼ ከሞባይሉ የሚመጡትን ሁለት ገመዶች ማጉያው መግቢያ ላይ አቀያየርኩ። ድምፁ አሁንም ግራ ነው። ስለዚህ ሞባይሉም ገመዱም ንጹሕ ናቸው። ያው ሄድፎን ሞባይሉ ላይ ሲሰካ መሃል ስለሆነ እሱም ነጻ ወጣ። አንድም ብሎን ሳልፈታ ጥፋቱ ማጉያው ውስጥ መሆኑን አወቅኩ።

ከዚያ ቲዩቦቹ። ሁለቱን 6ኤን6ፒ ግራና ቀኝ አለዋወጥኳቸው። ለውጥ የለም። ኢሲሲ82 ግን ብቻውን ስለሆነና ሁለቱንም ጎን ስለሚያገለግል የሚለዋወጠው የለም። በሌላ መተካት ነው ያለው። መለዋወጫ አንድ ነበረኝ፤ ከካልሲው አውጥቼ ሰካሁት። ያው ነው። ብዙ ሰው አንድ ጎን ሲደክም ቶሎ ቲዩቡን ይወነጅላል፤ ውድ ስለሆነና ስለሚታይ ይመስለኛል። እኔም መለዋወጫው ባይኖረኝ ገንዘብ ልኬ ሌላ ቲዩብ አስመጣ ነበር።

መብራቱንም ጠርጥሬ ነበር። ክረምት ነው፣ ማታ ማታ ቮልቱ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይቀላል። ግን መብራት ሲደክም ሁለቱም ጎን አብረው ነው የሚደክሙት። አንዱን መርጦ አያጠቃም። ይህን ሐሳብ ወዲያው ተውኩት።

ጋሼ ቡናቸውን ፉት ብለው «ቮልዩሙን እያዞርክ ስማው እንጂ» አሉኝ። ትንሽ ከፍቼ ስሰማ ድምፁ ግራ ጥግ ላይ ተለጥፏል። እየጨመርኩ ስሄድ ወደ መሃል ይቀርባል፤ መሃል ግን አይደርስም። ይህን ነገር ቀድሞም ሰምቼዋለሁ፤ ልብ አላልኩትም እንጂ።

ቮልዩሙ ባለ ሁለት ፎቅ ፖቴንሺዮሜትር ነው፣ 50 ኪሎ ኦም። አንድ ዘንግ ሁለት የካርቦን መንገድ ያዞራል፤ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ። ሁለቱ መንገዶች እኩል መሄድ አለባቸው። ርካሹ ግን መጀመሪያው አካባቢ እኩል አይሄድም። ማጉያውን ከመብራት ነቅዬ፣ አራግፌ፣ መግቢያውን ባዶ አድርጌ ለካሁት። ገና ሲከፈት ግራው 1.9፣ ቀኙ 1.2 ኪሎ ኦም። ዲሲቤል የድምፅ ልዩነት መለኪያ ነው፤ ይህ ወደ 4 ዲሲቤል ይሆናል። ሩብ ዙር ላይ 5.1 እና 4.7፤ ከ1 ዲሲቤል በታች። ከግማሽ በላይ ሁለቱ እኩል ናቸው።

ጥሩ ፖቴንሺዮሜትር መግዛት አንዱ መፍትሔ ነው። ደሴ ፈልጌ አላገኘሁም። ደግሞም ነገሩን ሳስበው ችግሩ የፖቴንሺዮሜትሩ ብቻ አይደለም። ማጉያዬ ብዙ ያጎላል፣ ሞባይሉም ብዙ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ የምጠቀመው ያንን መጥፎ መጀመሪያውን ነው። እንግዲህ መፍትሔው ከፖቴንሺዮሜትሩ በፊት በየጎኑ አንድ 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማስገባት ነው። 100 እና 50 ሲደመሩ 150፤ ከሚመጣው ድምፅ አንድ ሦስተኛው ብቻ ያልፋል። ወደ 9.5 ዲሲቤል ቀነስኩ ማለት ነው። አሁን ለተመሳሳይ ጩኸት ቮልዩሙን ወደ ግማሹ ማዞር አለብኝ፤ ግማሹ ላይ ደግሞ ሁለቱ መንገዶች እኩል ናቸው። ሬዚስተሮቹን ከአንድ ከረጢት ውስጥ አንድ በአንድ ለክቼ 99.1 እና 99.2 የሆኑትን መረጥኩ። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

መንዙማውን ከፈትኩ። ሽማግሌው ከጥጉ ተነሥተዋል። ግን መሃል አልደረሱም። ቮልዩሙን ብቀንስም ብጨምርም ያው ቦታ ላይ ናቸው፤ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ።

ጥፋቱ ሁለት ነበር ማለት ነው። አንዱ ሌላውን ሸፍኖት ነበር።

ይህኛው ነው ያንከራተተኝ። ክዳኑን ከፍቼ በጥንቃቄ ቮልት ለካሁ። በኢሲሲ82 ድምፁ ጎልቶ የሚወጣበት እግር አኖድ ይባላል፤ ግራው 103 ቮልት፣ ቀኙ 101። ከሥር ያሉት እግሮች፣ ካቶዶቹ፣ 2.9 እና 3.0። የ6ኤን6ፒዎቹም እንደዚሁ ተቀራራቢ ናቸው። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጽፌ ጎን ለጎን ሳያቸው መንታ ናቸው። ሁሉ ነገር ደህና ነው ይላሉ። ጆሮዬ ደግሞ ደህና አይደለም ይላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን አምኜ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የመጀመሪያው የገልብጦ ሙከራ ያረጋገጠልኝን እንኳ ረሳሁት።

የገባኝ አንድ ጠዋት ነው። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ በራችን ወርዷል፣ እናቴ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ እኔ ደብተሩን እንደገና አያለሁ። የለካሁት ሁሉ ዲሲ ነው፤ ባለበት የሚቆም ቮልት። ዲሲ ቲዩቡ የቆመበትን ቦታ ነው የሚነግረኝ። የምሰማው ግን ድምፅ ነው፤ ድምፅ ኤሲ ነው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ቮልት። ድምፁን አንዴም አልለካሁትም።

ለመለካት ግን መሣሪያ ያስፈልጋል። የእኔዋ ትንሽ ቢጫ ቴስተር የኤሲ ትንሹ መለኪያዋ 200 ቮልት ነው፤ ከዚያ በታች የምታሳየው በግምት ነው። ሻል ያለ ቴስተር ያለው ጓደኛዬ ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ማጉያውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱን ስትወርዱ ጃኬት ማውለቅ ይጀመራል። ቲዩቦቹን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ነበር ያደረግኳቸው። በየጉድጓዱ እጄ ኪሴ ላይ ነበር።

ሄድፎኑን ትተን በምትኩ በየጎኑ 330 ኦም ሬዚስተር አሠርን። ከሞባይል የ100 ኸርትዝ ድምፅ ለቀቅን። ኸርትዙ ከፍ ያለ ድምፅ ብንለቅ ብዙ ቴስተር አይለካውም፤ ለመብራት 50 ኸርትዝ ስለተሠራ ዝቅ ያለው ይሻላል። ከቮልዩሙ በኋላ፣ ቲዩቡ መግቢያ ላይ፣ ግራም ቀኝም 0.112 ቮልት። መውጫው ላይ ግራ 1.31፣ ቀኝ 0.93።

ጓደኛዬ በስልኩ አካፍሎ «1.41» አለ። ያ ማለት 3 ዲሲቤል ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሞኖ ድምፅን ከመሃል ለመንቀል ግን ይበቃል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እኩል ገብቶ ሳይተካከል ይወጣል። እንግዲህ ጥፋቱ በነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ነው። ዲሲውን የማይነካ፣ ድምፁን ብቻ የሚቀንስ ነገር ነው። ይህን የሚያደርግ ነገር እዚያ ውስጥ ብዙ የለም።

ትንሽ ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ካቶዱ ሥር 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለ። ቲዩቡ በልኩ እንዲቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ድምፅ ሲመጣ ግን ያው ሬዚስተር እንቅፋት ይሆናል። ድምፁ የሚገባበት እግር፣ ግሪዱ፣ ከፍ ሲል ካቶዱም ተከትሎት ከፍ ይላል። ቲዩቡ የሚያጎላው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ሁለቱ አብረው ከተነሡ ልዩነቱ ያንሳል። ለዚህ ነው ከሬዚስተሩ ጎን 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የሚታሰረው። ለዲሲ የተዘጋ በር ነው፣ ለድምፅ ክፍት መንገድ። ድምፁ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ካቶዱ ንቅንቅ አይልም። ኢሲሲ82 በእኔ ሰርኪዩት ካፓሲተሩ ሲኖር 13 እጥፍ ገደማ ያጎላል። ካፓሲተሩ ከሌለ ከ9 ትንሽ በላይ። 13ን ለ9.2 አካፍሉት። 1.41።

ቁጥሩ ሲገጥም ተነሥቼ ቆምኩ። ጓደኛዬ ምን ሆንክ አለኝ።

ማጉያውን አጥፍተን፣ አራግፈን፣ አዲስ 220 ማይክሮፋራድ በአዞ ክሊፕ በቀኙ ካፓሲተር ላይ ደርበን አሠርን። ፖዘቲቩን ወደ ካቶድ፣ ኔጋቲቩን ወደ መሬት። አብርተን ጠበቅን። ቀኙ 1.30 ቮልት ሆነ።

አለቀ ብዬ ነበር። ከአሮጌ ቦርድ ያወጣሁት ካፓሲተር ደርቋል፣ መቀየር ነው። ነቅዬ ለመጣል ስዘጋጅ ጓደኛዬ ቴስተሩ ካፓሲተርም ስለሚለካ «ለክተነው እንጣለው» አለ። 212 ማይክሮፋራድ። ደህና ነው። ምንም አልሆነም።

ታዲያ ምኑ ነው?

በማጉያ መነጽርና በስልክ መብራት የተበየደበትን ቦታ አየነው። ከላይ ሲታይ ያምራል፤ ክብ፣ የተሟላ፣ እንደ ጤፍ ድቡልቡል። ጠጋ ሲሉት ግን ቀለሙ ያንጸባርቅ የነበረው አይደለም፣ አመድ መስሏል። የካፓሲተሩ እግር በገባበት ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት አለች። ሊዱ፣ ቀልጦ የሚያያይዘው ብረት፣ እግሩን አልያዘውም፤ ከብቦት ብቻ ቆሟል። እግሩ ከአሮጌ ቦርድ የወጣ ስለሆነ ጠቁሯል። የጠቆረ እግር ሊድ አይቀበልም። ሳልፍቀው ነው የበየድኩት። ግራው ላይ ያለውን እግር ግን ፍቄው ነበር፤ ለምን አንዱን ፍቄ ሌላውን እንደተውኩ አላስታውስም። ምናልባት መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ ምናልባት እናቴ ለራት ጠርታኝ።

እግሩን በምላጭ ፋቅኩት፣ ብርማ መልኩን አወጣሁት፣ መጀመሪያ ለብቻው ሊድ አስያዝኩት፣ ከዚያ ወደ ቦታው መልሼ መበየጃውን ከበፊቱ ትንሽ ረዘም አድርጌ ያዝኩ። ሊዱ በዚህ ጊዜ ራሱ ፈሰሰና እግሩ ላይ ወጣ። ጫፉ እንደ ኮረብታ ግርጌ ቀስ እያለ ሳሳ። ያ ነው የጥሩ ብየዳ መልክ፤ ድቡልቡል ሳይሆን ተዳፋት። ከነቀልኩት ከዚያው ከአሮጌው ካፓሲተር ጋር ግራ 1.31፣ ቀኝ 1.30።

ማታ ደሴ ተመልሼ ቲዩቦቹን ከኪሴ አውጥቼ ሰካሁ። ደቂቃ ያህል ጠበቅኩ። ቀሉ። መንዙማውን ከፈትኩ። ድቤው መሃል ነው። ሽማግሌው መሃል ናቸው። ተቀባዮቹ ከኋላቸው፣ እነሱም መሃል። አያቴ ጋ እስኪደርስ ሲኒዎቹን እየሰማሁ ቆየሁ። «ጀባ» አለች፤ በትከሻዬ በኩል ሳይሆን ፊት ለፊቴ። እኔም ሲኒ እንደምቀበል ሰው እጄ ተነሣ።

በነጋታው ጋሼን ጠራኋቸው። ጋቢያቸውን ደርበው መጡ፣ ሄድፎኑን ኮፍያቸው ላይ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሽማግሌውን ያውቋቸዋል፤ ስማቸውን ጠርተው «አላህ ይማራቸው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ አልሄደብህም?»

ልቤ ደነገጠ። ቴስተሩን ላነሣ ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ሄድፎኑን አውልቀው ገልብጠው አደረጉት። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

«አሁንም ቀኝ ነው» አሉ። «ጆሮዬ ነው፣ ልጄ። ያንተው ደህና ነው።»

አላወለቁትም። ካሴቱ እስኪያልቅ በከንፈራቸው እየተቀበሉ ሰሙት።